ስለ ውሻ ጥርስ አጠባበቅ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደ ተባለው፥ ይህ እንስሳ ጥቂት ፍርፋሪ ለሰጠው ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያድራል። ጌታው ግን የውሻውን ጩኸትና ንክሻ ያውቃል እንጂ የአፉን ጤንነት ለመመርመር ብዙ ጊዜ አያስብም። ውሻው ዕድሜው ገፋ ሲል አፉ መሽተት፥ ጥርሱም መርገፍ ሲጀምር ነገሩ የእርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኛው የውሻ ጥርስ ሕመም ከዕድሜ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከንጽሕና ጉድለት የሚነሣ ስለሆነ፥ በቤት ውስጥ በሚደረግ ቀላል ጥንቃቄ በብዙው ሊቀነስ ይችላል።

ስለ ሰው ጤና በሚናገር ጽሑፍ ላይ የውሻ ጥርስ መነሣቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ የውሻን አፍ የሚነካው እጅ የሰው እጅ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናት እጅ ነው። ሁለተኛ፥ የአፍ ሕመም የሚመስል ነገር አንዳንድ ጊዜ የጥርስ ሕመም ሳይሆን እጅግ አደገኛ የሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የውሻውን ጥርስ እንዴት መጠበቅ እንደሚገባና የውሻን አፍ መንካት የማይገባው መቼ እንደሆነ በአንድነት ማወቅ ያስፈልጋል።

የጥርሱ ብዛትና ሥራ

ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርሱ ይበቅላል፤ ቁጥሩም 28 ነው። ዕድሜው 4 ወር ሲሆን እነዚህ መውለቅ ይጀምራሉ፤ እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ውስጥም በዋናዎቹ ጥርሶች ይተካሉ። የአደገ ውሻ ጥርስ 42 ነው፤ ይኸውም 20ው በላይኛው መንጋጋ፥ 22ቱ በታችኛው መንጋጋ ላይ የሚገኙ ናቸው።

ትንንሾቹ የፊት ጥርሶች ለመቆንጠጥና ጠጉርን ለማጽዳት፥ አራቱ ክራንቻዎች ለመያዝና ለመንከስ፥ የጎንና የኋላ ጥርሶች ደግሞ ሥጋን ለመቁረጥና ለማድቀቅ ያገለግላሉ። ከነዚህ ሁሉ በላይኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትልልቅ የጎን ጥርሶች በብዛት ይሠራሉ፤ ቶሎ የሚቆሽሹትና ደረቅ አጥንት ሲታኘክ የሚሰነጠቁትም ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። የውሻን ጥርስ የሚመረምር ሰው ከፊት ያለውን ንጹሕ ክራንቻ አይቶ ብቻ መመለስ አይገባውም፤ ከንፈሩን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ ወደ ጉንጩ ያሉትን ጥርሶች ማየት አለበት።

ሕመሙ የሚጀምረው እንዴት ነው?

ውሻው ከበላ በኋላ በዓይን በቀላሉ የማይታይ፥ የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን በጥርሱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሽፋን የምግብ ትራፊ ብቻ ሳይሆን በብዙ ተሐዋስያን የተሞላ ነው። በጨርቅ ወይም በብሩሽ ቢታሽ ወዲያው ይለቃል። ሳይነካ ከተተወ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ገብቶበት ይደርቃል፤ መልኩም ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ በእጅ መታሸት አያነሣውም።

የውሻ ምራቅ አሲድነቱ ከሰው ምራቅ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት የጥርስ መቦርቦር በሰው ላይ የሚታየውን ያህል በውሻ ላይ አይበዛም። ይኸው የምራቁ ጠባይ ግን ሽፋኑ ቶሎ ወደ ድንጋይነት እንዲለወጥ ይረዳል። የውሻ ዋና የአፍ ሕመም እንግዲህ የጥርሱ መቦርቦር ሳይሆን የድዱ መታመም ነው። ድንጋዩ ከድዱ ሥር እየገባ ሲሄድ ድዱ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይደማል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል። በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቅና ይወድቃል። ይህ ሕመም በብዙ ውሾች ላይ ገና በ3 ዓመት ዕድሜያቸው መታየት ይጀምራል።

ውሻ ሕመሙን በቃል ሊናገር አይችልም። ጥርሱን እያመመውም እንኳ ቢሆን ረኃብ ስለሚያስገድደው ይበላል። ስለዚህ «ይበላልና ጤነኛ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያኝክ፥ ምግቡን አንሥቶ የሚጥል፥ አፉን በእግሩ የሚያሽ፥ ፊቱን ሲነኩት የሚሸሽ ወይም ትንፋሹ ክፉኛ የሚሸት ውሻ የጥርስ ሕመም ሊኖርበት ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ማጽዳት

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ መግዛት ግድ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። የእኛ ሰዎች ጥርሳቸውን በመፋቂያ የሚያጸዱት ከጥንት ጀምሮ ነው። መፋቂያው ጥርስን የሚያጸዳው በተለይ እየታሸ ሽፋኑን ስለሚያነሣ ነው። ለውሻም ያው ነው፤ የሚያጸዳው የመድኃኒቱ ሽታ ሳይሆን የማሸቱ ሥራ ነው። ነገር ግን መፋቂያውን ራሱን ወይም ሌላ እንጨት ለውሻ መስጠት አይገባም፤ ውሻ ሲያኝከው ይሰነጠቅና ስንጣሪው ድዱን ወይም ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ሥራው የሚፈጸመው በሚከተለው ሁኔታ ነው።

1ኛ. ውሻው ክትባት የተከተበ፥ ሰው የለመደና ጤነኛ መሆን አለበት። የማያውቁትን፥ በመንገድ የሚዞረውን ወይም የሚናከሰውን ውሻ አፍ መንካት ፈጽሞ አይገባም።

2ኛ. ማጽዳቱን የሚሠራው አዋቂ ሰው ይሁን። በእጁ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ያለበት ሰው እስኪድንለት ድረስ ሥራውን ለሌላ ይተው።

3ኛ. መለማመዱ ከቡችላነት ቢጀመር መልካም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ውሻውን እያሻሹ ከንፈሩን በጣት መንካት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከንፈሩን ከፍ አድርጎ ጥርሱን በጣት መንካት፥ ቀጥሎም በጨርቅ ማሸት ይቻላል። በየጊዜው ውሻውን ማመስገንና ትንሽ የሚወደውን ነገር መስጠት ያስፈልጋል። በኃይል ይዞ ማስገደድ ግን ውሻውን ያስፈራዋል፤ ወደ ንክሻም ይመራዋል።

4ኛ. ንጹሑን ጨርቅ በሌባ ጣት ላይ ጠቅልሎ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማራስ ነው። የውሻውን መንጋጋ ከፍቶ መያዝ አያስፈልግም፤ አፉ እንደ ተዘጋ ከንፈሩን ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከላይኛዎቹ የጎን ጥርሶች ጀምሮ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ ማሸት ይገባል። በጉንጩ በኩል ያለው የጥርስ ፊት ዋነኛው ነው፤ በውስጥ በኩል ያለውን ምላሱ ስለሚያሸው ቆሻሻው በዚያ ያነሰ ነው።

5ኛ. ይህ ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። በየቀኑ ቢደረግ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ መደረግ አለበት። ሽፋኑ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ በወር አንድ ጊዜ ማጽዳት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው።

6ኛ. ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ፥ ጨርቁንም በሳሙና አጥቦ መቀቀል ይገባል። ይህ ጨርቅ ከማድ ቤት ጨርቅ ጋር መቀላቀል የለበትም። ውሻው ጨርቁን ከለመደ በኋላ ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ መጠቀም ይቻላል፤ ብሩሹ ግን የውሻው ብቻ ይሁን።

ስለ ምግቡና ስለሚያኝከው ነገር

ሁልጊዜ በመረቅ የራሰ ለስላሳ ፍርፋሪ ብቻ የሚበላ ውሻ ጥርሱን የሚያሽለት ነገር ስለማያገኝ ሽፋኑ ይበዛበታል። ሊታኘክ የሚገባው ነገር ጥርሱን የሚያሽ፥ ነገር ግን የማይሰብረው መሆን አለበት። ቀላል መለኪያ አለ፤ ነገሩን በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ጥፍሩ ምንም ምልክት ካልተወበት፥ ለውሻ ጥርስ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ጠንካራ የላም ቅልጥም ለውሻ ጥርስ ተስማሚ አይደለም፤ ብዙ ጥርስ በዚህ ይሰነጠቃል። ትልቅ ጥሬ ካሮት ወይም ለውሻ የተሠራ ለዘብ ያለ የጎማ መጫወቻ ይሻላል። እነዚህም ቢሆኑ ማጽዳቱን ያግዛሉ እንጂ አይተኩትም፤ ውሻውም በሚያኝክበት ጊዜ እንዳይታነቅ ሰው ሊጠብቀው ይገባል።

የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት፥ ይልቁንም የዶሮ አጥንት፥ ሲሰበር ሹል ስንጣሪ ስለሚያወጣ ጉሮሮንና አንጀትን ሊወጋ ይችላል።

ጥሬ የሆድ ዕቃን በሚመለከት ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በግ ወይም ከብት በሚታረድበት ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየበት ጉበት ወይም ሳንባ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ሲጣል ይታያል። በዚያ ከረጢት ውስጥ የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ዓይነት ትል ዘር አለ። ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ከዚያም በጠጉሩና በአፉ ላይ ሊገኝ ይችላል። ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ያንን እንቁላል ሊውጥ ይችላል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ትልቅ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው የሆድ ዕቃ ውሻ በማይደርስበት ሁኔታ ሊቃጠል ወይም በጥልቅ ሊቀበር ይገባል። ጥሬ ሥጋ ጥርስ ያጠራል በሚል አሳብ ይህን ጥንቃቄ መተው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ሊወገዱ የሚገባቸው ነገሮች

በቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የሚከተሉት ለውሻ አፍ አይስማሙም።

የሰው የጥርስ ሳሙና፦ ውሻ መትፋት ስለማይችል ይውጠዋል። በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ሲበዛ ይጎዳዋል። ዛይሊቶል የተባለ ጣፋጭ ነገር ካለበት ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን የደሙን ስኳር በድንገት ዝቅ አድርጎ ሊገድለው ይችላል።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት፦ ለሰው መድኃኒት ናቸው ቢባልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ የሚሰጥ ምግብ አይደለም።

ጨው፥ ሶዳና ሎሚ፦ ጨውና ሶዳ ተውጠው ሲበዙ የሰውነቱን ሚዛን ያናጋሉ፤ ሎሚ ደግሞ ድዱን ያቃጥላል፥ ጥርሱንም ያሳሳል።

አመድና የከሰል ዱቄት፦ ጥርሱን ያነጡ ቢመስሉም ላዩን ይፍቁታል፤ የተፋቀ ጥርስም ቆሻሻን ከበፊቱ ይልቅ ይይዛል።

ቢላዋና ጥፍር መቁረጫ፦ የደረቀውን ድንጋይ በእነዚህ ፍቆ ለማንሣት መሞከር ጥርሱን ይጭራል፥ ድዱን ያቆስላል። ከድዱ ሥር የገባውን ዋነኛውን ክፍልም አያገኘውም። ይህ ሥራ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን በማደንዘዣ አስተኝቶ የሚሠራው ነው።

ድዱ የሚደማ፥ ጥርሱ የተነቃነቀ ወይም የተሰበረ፥ ከዓይኑ በታች ያበጠ፥ ወይም 7 ወር ካለፈው በኋላ የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ከዋናው ጥርስ ጎን የቀረበት ውሻ ካለ፥ በቤት ከማሸት ይልቅ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ተገቢ ነው።

የውሻን አፍ መንካት የማይገባው መቼ ነው?

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለጤነኛ ውሻ ነው። አሁን ግን አንባቢ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በልቡ እንዲይዘው የምንሻው ነገር ይመጣል።

ትናንት ደኅና የነበረ ውሻ ዛሬ አፉን መግጠም አቅቶት፥ የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሎ፥ ለሃጩ እየተዝረበረበ፥ ውሃ ለመጠጣት እየሞከረ መዋጥ ሲሳነው ቢታይ፥ ብዙ ሰው «አጥንት ተሰክቶበታል» ወይም «ጥርሱን አሞታል» ብሎ ያስባል። ውሻውን የሚወድ ልጅ ወይም ርኅሩኅ ጌታ አጥንቱን ላውጣለት ብሎ እጁን ወደ አፉ ያስገባል። አደጋው ያለው በዚህ ላይ ነው። እነዚህ ምልክቶች የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉና። በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ አይደለም፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ፥ ጥግ ይዞ፥ መንጋጋው ሽባ ሆኖ ይታያል። የበሽታው ቫይረስ የሚገኘው በምራቁ ውስጥ ነው፤ ምልክቱ ከመታየቱ ከጥቂት ቀኖች በፊትም በምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በንክሻ ብቻ ሳይሆን ምራቁ በተጫረ ቆዳ፥ በዓይን ወይም በአፍ ውስጥ ቢገባም ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 ጊዜያት 99ኙ ከውሻ ነው። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ሊከለከል ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዦዜፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በፓሪስ ከተማ አስከትቦ ካተረፈው ወዲህ፥ ይህ መንገድ ለሰው ልጅ ክፍት ሆኗል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ውሻ ሲታይ እጅን ወደ አፉ ማስገባት ቀርቶ መቅረብም አይገባም። ሕፃናትን ማራቅ፥ ቢቻል በሩቅ ሆኖ በሩን ዘግቶ ውሻውን ለብቻው ማቆየት፥ ወዲያውም ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የተነከሰ፥ የተጫረ ወይም ቁስሉ ላይ ምራቅ የነካው ሰው ካለ፥ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ይገባዋል። ይህ ቀላል ሥራ ብዙ ቫይረስ ያስወግዳል። ከዚያም ያለ መዘግየት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክትባቱን መጀመር አለበት። ቁስሉን በበርበሬ፥ በአመድ ወይም በቅጠል መሸፈንና የባህል መድኃኒት እየጠበቁ ቀን ማሳለፍ ሕይወትን ያስከፍላል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነና ስላልቆረጠመ ብቻ መናቅ አይገባም፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያልና። የተጀመረውም ክትባት ሐኪሙ እስካዘዘበት ቀን ድረስ ሳይቋረጥ ይፈጸም።

ውሻውን በተመለከተ፥ ቡችላው 3 ወር ገደማ ሲሞላው ማስከተብና ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ክትባቱን ማደስ ከጥርሱ ንጽሕና ሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው። ያልተከተበን ውሻ ጥርሱን ላጽዳ ማለት በሩን ሳይዘጉ መስኮቱን እንደ መቀርቀር ይቆጠራል።

ለመምህራን

መምህራን ይህን ጉዳይ በንጽሕና ትምህርት ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱ ይችላሉ። ለትንንሽ ልጆች ሦስት ነገር ቢያስተምሩ ይበቃል፦ ውሻ ሲበላና ሲተኛ አለመንካት፤ ውሻን ከዳሰሱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ውሻ ቢነክስ ወይም ቢጭር፥ ቁጣን ፈርቶ ሳይደብቁ ወዲያው ለወላጅ ወይም ለመምህር መናገር። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በመደበቁ ምክንያት ክትባቱ የሚያልፈው ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና። ወላጆችም እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት ይልቅ ስለ ነገራቸው ሊያመሰግኑት ይገባል።

እንግዲህ ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ውሻውን ማስከተብ፤ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ያህል በንጹሕ ጨርቅ ጥርሱን ማሸት፤ ጥርስ የሚሰብረውንና ትል የሚያመጣውን ነገር አለመስጠት፤ በድንገት የተለወጠ አፍ ሲታይ ግን እጅን ሰብስቦ የሚያውቀውን መጥራት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ዛሬ በጨርቅ የሚነሣው ሽፋን ነገ በሐኪም መሣሪያም በጭንቅ የሚነሣ ድንጋይ ይሆናል፤ ዛሬ በሳሙናና በክትባት የሚከለከለውም በሽታ ከዘገየ መድኃኒት የማይገኝለት ይሆናል።